ጨዋታ መሪው ምን ይዞ ይቀመጥ?

እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የሚባል የሚኒሶታ ወጣት ጓደኞቹን ሰብስቦ አዲስ ዓይነት የጦርነት ጨዋታ ሞከረ። እስከዚያ ድረስ የጦርነት ጨዋታ ማለት በአብዛኛው ትንንሽ ወታደሮችን ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ማዋጋት ነበር። ዌስሊ ግን ብራውንስታይን የምትባል ልብ ወለድ የጀርመን ከተማ ፈጠረና አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን የባንክ ሰው፣ ሌላውን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረጋቸው። ተጫዋቾቹ ካሰበላቸው መንገድ ወጡ። በየጥጉ መዶለት ጀመሩ፤ ሁለቱማ ተጣልተው ለፍልሚያ ተፈላለጉ። ዌስሊ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ አዘነ። ጓደኞቹ ግን ድገምልን አሉት።

ከነዚያ ተጫዋቾች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር። ሐሳቡን ወስዶ ብላክሙር የተባለ የራሱን ዓለም ሠራ፤ በኋላም ከዊስኮንሲኑ ጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን አወጣ። የመጀመሪያው ኅትመት ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት የያዘ ሣጥን ሲሆን ብዛቱም 1,000 ነበር። ዛሬ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች ሁሉ የዘር ሐረጋቸው እዚያ ይደርሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ሰው ጨዋታውን ይመራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። መሪው ያሉበትን ቦታና የሚታየውን ይነግራቸዋል፤ ከዚያ «ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ያሰቡት ነገር መሳካቱ አጠራጣሪ ከሆነ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። የተቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

አንድ ሌሊት እንውሰድ። ተጫዋቾቹ ከአንድ ግንብ በር ደርሰዋል፤ በሩ ላይ እንቅልፍ የተጫነው ዘበኛ ቆሟል። አንዷ ተጫዋች «ለእመቤቲቱ መድኃኒት ይዤ ነው የመጣሁት ብዬ አታልለዋለሁ» ትላለች። መሪው ነገሩን መካከለኛ ክብደት ሰጥቶ 15 ይበቃል ይላል። ዳይሱ 11 ይወጣል፤ የገጸ ባሕርይዋ የማታለል ችሎታ 3 ይጨምርላታል፤ ድምሩ 14። በአንድ ጎደለች። ጀማሪ መሪ እዚህ ላይ «አላመነሽም» ብሎ ዝም ይላል፤ ጨዋታውም እዚያው በሩ ላይ ይቆማል። የተሻለው መልስ «ዘበኛው ትክ ብሎ አየሽና፣ በይ እንግዲያው እኔው ራሴ አደርስሻለሁ ብሎ ፋኖሱን አነሳ» የሚል ነው። ሙከራዋ ከሽፏል፤ ታሪኩ ግን ቀጥሏል፤ አሁን ደግሞ የባሰ ጣጣ መጥቷል። ለአንድ ጀማሪ ከደንቡ መጽሐፍ ሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው ይህንን ነው።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚያደክማቸው ዝግጅቱ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙሉ ታሪክ ጽፈው ይመጣሉ፤ ተጫዋቾቹም ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ወደ ሌላ መንገድ ይታጠፋሉ። ዌስሊን የገጠመው ይኸው ነበር፤ ጨዋታውን የወለደውም ይኸው ነው። ስለዚህ መጨረሻውን አትጻፉ። አንድ ቦታ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር አጥብቀው የሚፈልጉ ሦስት አራት ሰዎች፣ ዝም ከተባለ እየባሰ የሚሄድ አንድ ችግር አዘጋጁ። የስሞች ዝርዝርም አጠገባችሁ ይኑር፤ ተጫዋቾች ያልታሰበውን የመንደር ባለሱቅ ስሙን መጠየቃቸው አይቀርም። ደንብ ከተረሳችሁ ፍትሐዊ የመሰላችሁን ወስናችሁ እለፉ፤ መጽሐፉን ማታ ታዩታላችሁ።

ታሪክ መፍጠር ለሚከብደው የተዘጋጀ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የጀማሪዎች ሣጥን ውስጥ ያለው «ሎስት ማይን ኦፍ ፋንዴልቨር» አምስት የተሠሩ ገጸ ባሕርያትና ዳይስ አብረውት ስለሚመጡ ለመነሻ የተመቸ ነው። መጀመሪያ ላይ መንገድ ላይ አድፍጠው የሚጠብቁት ጎብሊን የተባሉ ፍጡራን ግን ለአዲስ ገጸ ባሕርያት ከበድ ይላሉ፤ ቁጥራቸውን ብትቀንሱ ማንም አይከፋም። ገንዘብ ለሌለውም መሠረታዊው ደንብ ከ2023 ጀምሮ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ተለቋል።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚወዱ፣ በምንም ምክንያት መነሳት የሌለበት ጉዳይ ካለ ጠይቋቸው። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው ጠረጴዛው ላይ የሞት ትዕይንት ላይፈልግ ይችላል። ይህን እንደ ትርፍ ነገር የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ከዳይሱ እኩል አስፈላጊ ነው እላለሁ።

ደንቡ በእንግሊዝኛ መጻፉ ማንንም አያስቀር። ማንበብ ያለበት መሪው ነው፤ ተጫዋቹ «ምን ታደርጋላችሁ?» ሲባል በአማርኛ መመለስ ይበቃዋል። ለመጀመሪያው ቀን ሦስት ወይም አራት ሰው ጥሩ፤ ከዚያ በላይ አትጋብዙ፤ በሦስት ሰዓት ውስጥም ጨርሱ።