የሞተር ቺንጋ ለምን ይጮኻል?

በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ከጠዳ ወደ አዘዞና ጎንደር የሚወጣ አሮጌ መኪና ሲነሣ፣ ከኮፈኑ ሥር ሲጢጥ የሚል ጩኸት መስማት የተለመደ ነው። ሾፌሩ ትንሽ ነዳጅ ይሰጣል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ችላ የሚባለውም በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋ ነው። ሲብስ ደግሞ ሁለት መፍትሔዎች ይቀድማሉ፤ አንድም ቺንጋውን ማጥበቅ፣ አለዚያም አዲስ ገዝቶ መቀየር። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ሁለቱም ከምርመራ በኋላ መምጣት አለባቸው ብዬ ነው። ጩኸቱ የሚነግረን ቺንጋው እየተንሸራተተ መሆኑን ብቻ ነው። ለምን እንደተንሸራተተ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ከቺንጋው ውጭ፣ ቺንጋው በሚጠመጠምበት ፑሌጃ፣ ዘንጉን በሚሸከመው ኩሽኔታ ወይም ከላይ በሚንጠባጠብ ፈሳሽ ላይ ይገኛል። ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጅ ያለው ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይኖርበታል ማለት ነው።

ቺንጋ የሞተሩን ዙር ለዲናሞው፣ ለውሃ ፓምፑና ለቬንትሌተሩ የሚያደርስ የላስቲክ ቀበቶ ነው። ጥርስ ስለሌለው ኃይል የሚያስተላልፈው በሰበቃ ብቻ ነው። በድሮው የኬ ሞተር ኮሮላ ሦስቱንም የሚያዞረው አንድ ነጠላ ቺንጋ ነው። በቆዩ መኪኖች ላይ የሚገኘው ዓይነት፣ አሜሪካዊው ጆን ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1917 የሠራው፣ ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ ሄደው በፑሌጃው ቦይ ውስጥ እንደ ሽብልቅ የሚሰነቀር ነው። ብልሃቱ ያለው በጎኖቹ ላይ ነው። 40 ዲግሪ ያህል የሚከፈት ቦይ ቺንጋውን ከጠፍጣፋ ቀበቶ ወደ 3 እጥፍ በሚጠጋ ጉልበት ይይዘዋል። ይህ የሚሆነው ግን ቺንጋው በጎኖቹ ሲቀመጥ ነው። ጎኖቹ በአገልግሎት ብዛት ሲበሉ፣ ወይም ፑሌጃው ራሱ ሲበላ፣ ቺንጋው ወደ ታች ሰጥሞ በቦዩ ወለል ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ የቱንም ያህል ቢወጠር መንሸራተቱ አይቀርም። ምልክቱ በዓይን ይታያል። ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ብርሃን ወደ ቦዩ ሲመለከቱ ወለሉ ደብዛዛ መሆን አለበት። ተፈግፍጎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቺንጋው እዚያ ላይ ሲንሸራተት ከርሟል። እንዲህ ባለው ፑሌጃ ላይ አዲስ ቺንጋ ቢያስሩም ትርፉ የጥቂት ሳምንት ዝምታ ነው።

ሌላው ነገር ቺንጋው ፑሌጃውን የሚያቅፍበት መጠን ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮንሃርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ገመድ የመያዝ አቅሙ ዕቅፉ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ድርብ ያድጋል፤ ዕቅፉ ሲቀንስም በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። የዲናሞው ፑሌጃ ትንሽ ስለሆነ ዕቅፉም ያንሳል፤ መንሸራተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጩኸቱ ማለዳ የሚመጣውም የዲናሞው ሸክም ያን ጊዜ ስለሚበዛ ነው። ሞተሪኖው መኪናውን ሲያስነሣ ከባትሪው ብዙ ይወስዳል፤ ዲናሞው ያንን ለመመለስ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። በ14 ቮልት 50 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ 700 ዋት ያመነጫል፤ በሙቀትና በሰበቃ የሚባክነው ሲታከልበት ከሞተሩ የሚጠይቀው ከ1 ተኩል የፈረስ ጉልበት ይበልጣል። ያ ሁሉ ሸክም የሚያልፈው በቅዝቃዜ በደረቀና ጤዛ በነካው ላስቲክ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ባትሪው ይረካል፣ ላስቲኩ ይሞቃል፣ ድምፁ ይጠፋል። «ከጠፋ ምን ቸገረኝ» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ የቀነሰው ሸክሙ ነው፣ ችግሩ ባለበት አለ። ለማረጋገጥ ማታ የፊት መብራቱን አብርቶ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር መተው በቂ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ይመለሳል።

የመንሸራተቱ ዋጋ በጎንደር ደጋ ከቆላው ይልቅ ይከብዳል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጠዳና በአዘዞ አካባቢ ግን በ93 ዲግሪ፣ ይበልጥ ከፍ በሚለው በደባርቅ ደግሞ ከ90 ብዙም በማይበልጥ ሙቀት ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ፈጥሮ ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ ላስቲኩ የደረቀ አሮጌ ክዳን ግን ግፊቱን አይዝም። እንዲህ ያለ መኪና ዳገት ሲወጣ የውሃ ፓምፑ በቺንጋው መንሸራተት ምክንያት ዙሩን ካጎደለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል ነው። ለቁልቁለቱም ቢሆን ማሰብ ያስፈልጋል። በናፍጣ በሚሠሩ ብዙ የቆዩ ሃይስ ሚኒባሶች ላይ የፍሬኑን ማገዣ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መምጠጫ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው፤ ዲናሞው ካልዞረ እሱም አይዞርም። ቺንጋው የተበጠሰበት ሾፌር ጥቂት ጊዜ ፍሬን እንደያዘ ፔዳሉ ይደነድንበታል። ይህ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ቢደርስ ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያሻም።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይጀመራል? በፕላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት ውሃ ይበቃል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ፣ የነጠላው ዘርፍ፣ የጋቢው ጫፍ፣ ሻሹና ሰፊው እጅጌ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከራቅ ብሎ በቺንጋው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸውን ያመለክታል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ አጭር፣ የወፍ ጫጫታ የሚመስል ድምፅ ነው። መንሥኤው የዲናሞው መያዣ ቡሎን መላላት ወይም ከሌላ መኪና የመጣ ዲናሞ መገጠሙ ሊሆን ይችላል። ውሃው ሲነካው ጩኸቱ ከጨመረ ቺንጋው ላልቷል ወይም አልቋል። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ጥርጣሬው ወደ ኩሽኔታ ይዞራል። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ይወልቅና ዲናሞውና የውሃ ፓምፑ አንድ በአንድ በእጅ ይዞራሉ። ጤናማ ኩሽኔታ በልስላሴ ይዞራል። አሸዋ የገባበት ያህል ሲንኮራኮር በጣት ከተሰማ፣ ወይም የፓምፑ ዘንግ ወደ ጎን ከተወዛወዘ፣ የሚቀየረው እሱ ነው። ከፓምፑ ሥር የደረቀ የራዲያተር ውሃ ፈለግ ካለ ደግሞ ያ ፈሳሽ ቺንጋውን እያራሰ ሲያስጮኸው ቆይቷል።

በጣም የተስፋፋው ተቃውሞ «ጠበቅ አድርገህ እሰረው፣ ያበቃል» የሚለው ነው። ላልቶ ከሆነ እውነት ነው፣ ማጥበቅ ይገባል። ልኩም አስቸጋሪ አይደለም፤ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ባለው ረጅሙ ክፍል፣ መሐሉ ላይ በአውራ ጣት 10 ኪሎ ያህል ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ዝም ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን የዲናሞውንና የፓምፑን ዘንግ ሌት ተቀን ወደ ጎን ይጎትታል፤ ከወራት በኋላ ኩሽኔታው ያልቅና አዲስ ጩኸት ይጀምራል። ርካሽ በሆነው ቺንጋ ፈንታ ውዱ ፓምፕ ይከፍላል ማለት ነው።

ሳሙና፣ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ድምፁ የሚፈጠረው ላስቲኩ ብረቱን ይዞ ሲለቅ፣ እንደገና ሲይዝ፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ቅባት ይህን ንቅጥቅጥ ያስቀራል፤ መንሸራተቱን ግን ያባብሰዋል፤ ዘይቱም ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ዝም ብሎ የሚንሸራተት ቺንጋ ከሚጮኸው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ጠፍቷልና።

መለዋወጫ ውድ በሆነበት ዘመን ይህን ሁሉ ከመመርመር ቀይሮ መገላገል ይሻላል የሚልም አለ። ጎኖቹ የተሰነጠቁ ወይም እንደ ቀንድ ደርቀው ያብረቀረቁ ከሆነ መቀየሩ ግዴታ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አዲስ ቺንጋም ፈሳሽ በሚንጠባጠብበትና ፑሌጃው በተጣመመበት ቦታ ዕድሜ የለውም። ሲገዛ በጀርባው ላይ የታተመው ቁጥር ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። ስፋቱ የጠበበ ቺንጋ በአዲስነቱ ወለል ላይ ስለሚያርፍ ከመጀመሪያው ቀን ይጮኻል። በመካኒኩ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ሌላ ነገር፣ አዲስ ላስቲክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መርገቡ ነው። ስለዚህ ከጠዳ ጎንደር ደርሶ የመመለስ ያህል ከተነዳ በኋላ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ በአውራ ጣት እንደገና መለካትና ካስፈለገ ጥቂት ማጥበቅ ይገባል። የወለቀው አሮጌ ቺንጋ ካልተሰነጠቀ አይጣል፤ ከመፍቻው ጋር ከወንበር ሥር ቢቀመጥ፣ ጋራዥ በማይገኝበት መንገድ ላይ አዲሱ ቢበጠስ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል።