ከጋራ ጓሮ እስከ ማዕድ

በአሜሪካ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ትኩስ አትክልት ውድ ነው። ጠግበው ለመዋል የሚረክሰው ስኳርና ቅባት የበዛበት የታሸገ ምግብ ነው። የልጆች ከልክ ያለፈ ውፍረት በድሃ ሰፈሮች የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጥፋቱን በወላጆች ስንፍና ላይ መጣል ግፍ ይሆናል።

በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቻፕል ሂልና በአጎራባቿ ካርቦሮ፣ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች በጋራ መሬት ላይ በየሳምንቱ ከልጆቻቸው ጋር አትክልት ያለሙ ነበር። ሰባት ሳምንት የሚፈጅ የምግብ አበሳሰልና የሥነ ምግብ ሥልጠናም ወስደዋል። ሥልጠናው ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የተለቀመው ጎመን ድስት ውስጥ ካልገባ ጓሮው ብቻውን ልጅን አይመግብም። ደግሞም ዘሩን በጣቱ ቀብሮ፣ ውኃ እያጠጣ የጠበቀ ልጅ፣ አፈሩን አራግፎ ያወጣውን ካሮት ለመቅመስ ብዙ ልመና አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ስለዚህ የጋራ ጓሮ የታተመ ጥናት ከ2008 እስከ 2010 የተሳተፉ 95 ልጆችን ተከታትሏል። ልጆቹ የሚበሉት ፍራፍሬ በ28 በመቶ፣ አትክልት ደግሞ በ33 በመቶ ጨምሯል። ክብደታቸው ከልክ ካለፈ ልጆች መካከል 17 በመቶዎቹ የተሻለ የክብደት ደረጃ ላይ ደርሰዋል። ጤናማ ክብደት የነበራቸው ሁሉ እንደዚያው ቆይተዋል። ይሁን እንጂ የተሻሻሉት በቁጥር 6 ልጆች ብቻ ናቸው። በኦስቲን ቴክሳስ በ16 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደ ሰፊ የጓሮ አትክልት ሙከራም የአትክልት አመጋገብን ቢያሻሽልም፣ በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ በክብደት ላይ ለውጥ አላሳየም።