የማሪዮ ሸሚዝ ለምን ቡናማ ሆነ? የቆዩ የቪዲዮ ጨዋታ ምስሎችን ዳግም የማቅለም ሥራ

መሶብ የሚሰፉ እናት በእጃቸው ያለው አለላ ሦስት ዓይነት ብቻ ከሆነ በሦስቱ ቀለማት ያማረ ጥለት ያወጣሉ። አራት ቀለም ያለው ጥለት እንዲሰፉ ቢጠየቁ ግን ወይ አንዱን ቀለም ይተዋሉ፤ ወይ ተጨማሪ አለላ ይፈልጋሉ። የዛሬ 40 ዓመት ገደማ በጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ምስሎችን ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች የገጠማቸው ችግርም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

በጨዋታው ውስጥ የሚሮጠው፣ የሚዘልለውና የሚወድቀው ትንሽ ምስል "ስፕራይት" ይባላል። በአሁኑ ጊዜ የቆዩ ጨዋታዎች ወዳጆች እነዚህን ምስሎች በጨዋታው ማሸጊያና ማስታወቂያ ላይ ከሚታየው ሥዕል ጋር እንዲመሳሰሉ ዳግም ያቀልሟቸዋል። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ምስሉ በመጀመሪያ እንዴት እንደተሠራ ሳይረዱ የሚነካኩት ከሆነ ይበላሻል።

ምስሉ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው

ለአብነት ኒንቴንዶ እ.አ.አ በ1983 በጃፓን ለገበያ ያቀረበውን የቤት ውስጥ መጫወቻ መሣሪያ እንመልከት። በዚህ መሣሪያ ላይ ስፕራይት የሚሠራው ቁመቱም ወርዱም 8 ነጥብ ከሆነ ትንሽ ካሬ ነው። ትንሹ ማሪዮ በአራት ካሬዎች ይሳላል። እያንዳንዱ ነጥብ በውስጡ የሚይዘው ቀለም ሳይሆን ከ0 እስከ 3 ያለ ቁጥር ነው። 0 ቁጥር ቀለም የለውም፤ ከኋላ ያለውን ያሳያል። የቀሩት ሦስት ቁጥሮች ምን ዓይነት ቀለም እንደሆኑ የሚወስነው ለብቻው የተቀመጠ የቀለም ሰንጠረዥ ነው።

ይህ አሠራር ለማስታወሻ ቋት ቁጠባ ጠቅሟል። እ.አ.አ በ1985 የወጣው "ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ" ሙሉ ይዘቱ 40 ኪሎ ባይት ብቻ ነበር። በመሆኑም በጨዋታው ሰማይ ላይ የሚታየው ነጭ ደመናና በምድር ላይ የሚታየው አረንጓዴ ቁጥቋጦ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የተለወጠው ሰንጠረዡ ነው። የማሪዮ ወንድም ሉዊጂም የማሪዮን ቅርጽ እንደያዘ በነጭና በአረንጓዴ ቀለም የቀረበ ነው።

አራተኛው ቀለም ከየት ይምጣ?

በ1985ቱ ጨዋታ የማሪዮ ኮፍያና ቱታ ቀይ ናቸው። ፊቱና እጁ አንድ ቀለም ይጋራሉ። ፀጉሩ፣ ሪዙ፣ ሸሚዙና ጫማው ደግሞ ሁሉም ቡናማ ናቸው። በኋላ በዓለም በታወቀው ይፋዊ ሥዕል ግን ሸሚዙ ቀይ፣ ቱታው ሰማያዊ፣ ፀጉሩ ቡናማ ነው።

አንድ ጀማሪ በሰንጠረዡ ላይ ቀዩን ወደ ሰማያዊ ቢለውጥ ቱታው ብቻ ሳይሆን ኮፍያውም ሰማያዊ ይሆናል። ቡናማውን ወደ ቀይ ቢለውጥ ሪዙም ጫማውም ይቀላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ በየተራ እያዩ ቁጥሩን መቀየር ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የፊት፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡናማ ሲቆጠሩ አራት ይሆናሉ፤ ሰንጠረዡ የሚይዘው ግን ሦስት ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቡናማውን ትቶ ፀጉሩን፣ ሪዙንና ጫማውን በሰማያዊ መተካት ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰንጠረዥ የሚጠቀም ተጨማሪ ካሬ በላዩ መደረብ ነው። እ.አ.አ በ1987 የወጣው "ሜጋ ማን" ጨዋታ የጀግናውን ፊት የሠራው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን መሣሪያው በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 ካሬ በላይ ማሳየት አይችልም፤ ድርቡ ሲበዛ የምስሉ ክፍል ይጠፋል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል።

ኒንቴንዶ ራሱ ችግሩን የፈታው በአዲስ መሣሪያ ነው። እ.አ.አ በ1990 ያወጣው መሣሪያ በአንድ ሰንጠረዥ ለስፕራይት 15 ቀለማት ይፈቅድ ነበር። በ1993 የቀድሞዎቹ ጨዋታዎች በአዲስ መልክ ተስለው ሲወጡ ማሪዮ ቀይ ሸሚዝና ሰማያዊ ቱታ ለበሰ።

የትኛው ነው "የመጀመሪያው"?

ዳግም የሚያቀልም ሰው አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ማሪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት የ1981ዱ "ዶንኪ ኮንግ" ጨዋታ ቱታው ቀይ፣ ሸሚዙ ሰማያዊ ነበር። የዛሬው ሥዕል ከዚያ በኋላ የመጣ በመሆኑ ምስሉን ከእርሱ ጋር ማመሳሰል ወደ መነሻው መመለስ ላይሆን ይችላል።

ቀለሙን ከታተመ ወረቀት ላይ በቀጥታ መቅዳትም ያሳስታል፤ ወረቀት በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። መሣሪያው የሚልከውን ምልክትም የዚያን ዘመን ቴሌቪዥኖች እያንዳንዳቸው በተለያየ ቀለም ያሳዩት ነበር።

የማሪዮ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶ ኮፍያ ያደረጉለት ፀጉር መሳል አስቸጋሪ ስለነበር፣ ሪዝ ያወጡለትም በጥቂት ነጥብ አፍና አፍንጫን መለየት ስለማይቻል እንደሆነ ተናግረዋል። ዛሬ ሕፃን አዋቂው የሚያውቀው መልክ የተወለደው ከእጥረት ነው። ቡናማው ሸሚዝም ሠሪው በሦስት ቀለም ያገኘው መላ እንጂ ስህተት አይደለም።

ስለሆነም ይህን ሥራ መሞከር የሚፈልጉ ወጣቶች የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነኩ በቅጂው ላይ መሥራት፣ የለወጡትንም ቀለም መዝግበው መያዝ ይገባቸዋል። የምስሉ ባለመብት የጨዋታው ኩባንያ በመሆኑ ዳግም የተቀለመውን ያለፈቃድ መሸጥ አይቻልም። ለልምምድ ግን የራስን ምስል በ8 በ8 ካሬና በሦስት ቀለም ሠርቶ መጀመር ይቻላል፤ ለመነሻ ካሬ ያለው ደብተርና ሦስት እርሳስ ይበቃሉ።