ግብረ ገብና የሕይወት ዕቅድ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ ሾልኮ በመውጣቱ እንዲሰረዝ መደረጉ የሚዘነጋ አይደለም። በወቅቱ ሁላችንም ጣታችንን የቀሰርነው በሰራቂዎቹ ላይ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ይሁን እንጂ የተሰረቀውን ወረቀት ለማየት የተሻማው ወጣት ከእኛው ቤትና ከእኛው ሠፈር የወጣ መሆኑ ሊካድ አይገባም።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ፣ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩትስ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዩኒቨርሲቲ በቀር ሌላ በር አልታያቸውም፤ ያሳያቸውም የለም። አንድ በር ብቻ ያለው መስሎ የታየው ወጣት ያ በር ሲዘጋበት ለመስበር ቢቃጣው ምን ይደንቃል? የግብረ ገብና የሕይወት ዕቅድ ትምህርት ተነጣጥለው ሊታዩ አይችሉም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

በርግጥ ትምህርቱ ጨርሶ አልነበረም አይባልም። በዘውዱ ዘመን ግብረ ገብ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር በሚል ስም ተሰጥቷል። በኋለኛው መጽሐፍ ኃላፊነት፣ ታታሪነትና ቁጠባ የየራሳቸው ምዕራፍ ነበራቸው። ተማሪው ግን የቁጠባን ትርጉም ሸምድዶ ማርኩን ይወስዳል እንጂ የአንድ ወር የቤት ወጪ እንዴት እንደሚሠላ ሳያውቅ ይመረቃል። ታማኝነት በፈተና ወረቀት ላይ ተጠይቆ፣ መልሱ ከጎረቤት የተቀዳበት ጊዜም ጥቂት አይደለም! (ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም።)

ስለዚህ ትምህርቱ ከተግባር ጋር መቆራኘት ይኖርበታል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ምን መሆን እንደሚሻ፣ ያ ባይሳካ ደግሞ ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ያስፍር፤ በየዓመቱም ከመምህሩና ከወላጁ ጋር ሆኖ ያርመው። በየክፍሉ የታጨቀውን ተማሪ አንድ መምህር ብቻውን ይምከር ማለት ግን ሸክሙን አለማወቅ ነው። በየሠፈሩ መካኒኩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ነርሷ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አሉ። እነዚህ ወዛደሮች ወደ ክፍል ገብተው ሙያቸውን እንዴት እንደ ያዙ፣ የት እንደ ተሳሳቱና ደመወዛቸውን በምን እንደሚያብቃቁ ቢናገሩ፣ ወጣቱ ከመጽሐፉ ይልቅ እነርሱን ያምናል።

የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ የመዋጮው ጉዳይ ቀድሞ ይነሣና ሰዓቱን ይጨርሰዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ አጀንዳ በተራ ቁጥር አንድ እንዲያዝ የየሠፈሩ ነዋሪዎች ከአሁኑ ለርዕሰ መምህሩ ሊያመለክቱ ይገባል።