ድባቴ ያለበት ሰው አካሉም ይመርመር

«ራሴን ይከፍለኛል፤ ልቤ ይመታል፤ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።» ከጀሞ፣ ከመካኒሳም ሆነ ከለቡ ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጡ ሰዎች ይህን አዘውትረን እንሰማለን። «ከፍቶኛል» ብሎ የሚጀምር ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ድባቴው ሳይታወቅ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ይዘው የሚመለሱ አሉ።

ችግሩ በተቃራኒውም ያጋጥማል። ድባቴ እንዳለበት የታወቀ ሰው ቢያስለው፣ ቢከሳ ወይም ደረቱን ቢያመው «ከጭንቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ ድባቴን ጨምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ የሞቱት ሰዎች ከሚጠበቀው ዕድሜ በአማካይ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንዳለፉ አሳይቷል። ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነው።

ድባቴ ጉልበትንና ተስፋን ይነጥቃል። የስኳር ወይም የደም ግፊት ታማሚው መድኃኒቱን ይተዋል፤ ቀጠሮው ያልፈዋል፤ ምግብ ያስጠላዋል። በሌላ በኩል የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባት ድባቴ የሚመስል ድካም ያመጣሉ። ስለዚህ አንዱን ሳያዩ ሌላውን ማከም አይበቃም።

እርስዎ ምን ያድርጉ? ደስታ ማጣት ወይም መከፋት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየብዎ፣ አካልዎን ከሚያምዎ ጋር አብረው ይንገሩ። የደም ግፊትዎንና የስኳር መጠንዎን ይለኩ። ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠይቁ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩ። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊፈልግ ይችላልና፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

ብዙዎች የአእምሮ ሕክምና ሲባል መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ይታያቸዋል። ከላፍቶ እስከዚያ ያለውን መንገድና የሰው ዓይን እያሰቡም ይቀራሉ። ሆኖም ድባቴን እንዲያክሙ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በጤና ጣቢያም ይገኛሉ፤ በወረዳዎ ካለው ይጀምሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑም ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍልዎታል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ጎን ለጎን ይውሰድ። «ሰነፈ» ከማለት ይልቅ በቀጠሮው ቀን አብረውት ይሂዱ። ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ግን ብቻውን አይተዉት፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዚያኑ ዕለት ወደ ሕክምና ይውሰዱት።