የደከመ የቮልስ ሞተር፦ ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

አሮጌ ቮልስዋገን ቢትል ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ከገዢም ሆነ ከደላላ የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ “ሞተሩ እንዴት ነው?” የሚል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ “ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገናኛል?” የሚለው ነው። የሁለቱ መልስ የመኪናዋን ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሞተሩ ደክሞ ጭስ መትፋት ሲጀምር ባለንብረቱ የሚወስደው እርምጃ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድ ውሳኔም ጭምር ነው።

ቮልስ በአገራችን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የቆየች መኪና ናት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው መኪና እንደነበር ይታወሳል። የመጨረሻዋ ቢትል ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ 21,529,464 መኪኖች ተመርተዋል። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አይጨምርም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም በእጅ ያለችውን መኪና በጥንቃቄ ለመያዝ ተጨማሪ ምክንያት ሆኗል።

ከውሳኔ በፊት ምርመራ

ብዙ ባለንብረቶች ጭስ እንዳዩ “ሞተሩ ሞቷል” ብለው ወደ ሶማሌ ተራ ይሮጣሉ። ይህ ችኮላ ገንዘብ ያስወጣል። ሞተሩ ሳይፈታ የሚደረጉ ሦስት ምርመራዎች አሉ።

አንደኛው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወልቀው፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይለካል። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው፤ ካልተለወጠ ችግሩ ቫልቭ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ልኬቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የፋብሪካውን መጽሐፍ ቁጥር ብቻ ተመልክቶ ጤነኛ ሞተር ላይ የሚፈርድ መካኒክ ይሳሳታል። ዋናው ነገር አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማነጻጸር ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የክራንክ ሻፍቱ ጨዋታ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከኋላ ያለው ፑሌጅ ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋ የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የመጨረሻው ወሰን 0.15 ነው። በእጅ ሲነካ በግልጽ የሚንኳኳ ከሆነ ሞተሩ መፈታቱ አይቀርም።

ሦስተኛው የዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ የውስጡ ኩሺኔታዎች አልቀዋል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቃጠል የቮልስ የታወቀ ሕመም ነው። በቀደምቶቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚጋርድ ነው። ጉዳቱ በዚህ ብቻ ከተወሰነ ቴስታታውን መሥራት ይበቃል። ሙሉ ሞተር መግዛት አያስፈልግም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር እያስተካከሉ መያዝ ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል።

ቁልፉ ያለው ብሎኩ ላይ ነው

በቮልስ ሞተር ሲሊንደሩ ከነፒስተኑ ወልቆ በአራት በአራት የሚለወጥ ነው። ክራንክ ሻፍቱም በ0.25፣ በ0.50 እና በ0.75 ሚሊ ሜትር እየተሞረደ ተመጣጣኝ ኩሺኔታ ይገባለታል። የማይተካው ብሎኩ ነው። የሞተር ቁጥሩ የተመታው እዚያው፣ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነውና። እንግዲህ ብሎኩ ያልተሰነጠቀ፣ የክራንክ ሻፍቱ መቀመጫም ከዚህ በፊት ደጋግሞ ያልተፈቀፈቀ ከሆነ ማደስ ያዋጣል። ሞተሩ እንደ አዲስ ሲሆን ቁጥሩ አይለወጥም። ብሎኩ ካለቀ ግን በማደስ ላይ የሚፈሰው ገንዘብ ከንቱ ነው።

ሌላ ሞተር ለመግጠም የወሰነ ሰው ደግሞ ሁለት ነገሮችን ይመልከት። የመጀመሪያው መግጠሙ ነው። የድሮው ባለ 6 ቮልት ሞተር ቮላኖ 109 ጥርስ ሲኖረው የባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፤ ፍሪሲዮኑም ከ180 ወደ 200 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ ሁለቱ ያለ ተጨማሪ ሥራ አይገናኙም። ሁለተኛው ወረቀት ነው። ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ የጉምሩክ ወይም የሽያጭ ሰነድ ከሌለ ሊብሬው ላይ ማስመዝገብ ያስቸግራል። ያልተመዘገበ ሞተር ደግሞ በምርመራና በስም ዝውውር ጊዜ ጣጣ ያመጣል።

ሂሳቡ

ለስሌት ያህል ደህና የሆነችውን መኪና ዋጋ 100 እንበል። ማደስ 25፣ ያገለገለ ሞተር መግጠም ደግሞ 15 ቢያስወጣ፣ ላይ ላዩን ሲታይ መለወጡ 10 ያተርፋል። ነገር ግን ገዢው “ሞተሩ የራሷ አይደለም” ብሎ ከዋጋው 10 ከቀነሰ ትርፉ የለም፤ ከዚያ በላይ ከቀነሰ ኪሳራ ነው። ያገለገለው ሞተር ምን ያህል እንደሠራ አለመታወቁም በሂሳቡ መግባት አለበት። በአንጻሩ መኪናዋ ለዕለት መመላለሻ የተያዘችና አካሏም የተቀያየረ ከሆነ ለቁጥሩ ተብሎ ብዙ ማውጣት ትርጉም የለውም፤ ሰነድ ያለው ጤነኛ ሞተር ይበቃታል።

ማደስን የመረጠ ባለንብረት የሚለወጡትን ዕቃዎች ዝርዝርና የእጅ ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበል፤ የወለቀውን አሮጌ ዕቃም ይረከብ። ሥራው እንዳለቀ ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለት ሊትር ተኩል የሚሆነውን ዘይት መቀየርና የቫልቩን ክፍተት ዳግመኛ ማስለካት ይገባል። መለወጥን የመረጠም ቢሆን የመጀመሪያውን ብሎክ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ አይስጥ። መጋዘን ውስጥ ያኑረውና መኪናዋን ሲሸጥ አብሮ ያቅርበው። አሮጌ መኪና ሰብሳቢ የሆነ ገዢ ከመጣ በዋጋ ክርክሩ ላይ ይጠቅመዋል።