ስለ ጠለል ቅርጾች አወሳሰን፤ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ የቤት አሠራርና የመሬት ልኬት እንደሚታይ

በጂኦሜትሪ ትምህርት ጠለል ቅርጽ የሚባለው በዝርግ ገጽ ላይ በመሥመር ተከቦ የሚገኝ ስፍራ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የነበረው የግሪክ ሊቅ ኤውክሊድስ መጽሐፉን የጀመረው እንዲህ ያሉትን ቃላት ትርጓሜ በመወሰን ነው። ትርጓሜ ሙሉ የሚሆነውም በቃሉ የተነገረው ቅርጽ ከሌላ ቅርጽ ጋራ የማይምታታ ሲሆን ነው። ይህ ነገር የተማሪ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በአምቦ፥ በጊንጪ፥ በጉደርና በጌዶ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ቤቱን ሲሠራና መሬቱን ሲያስለካ አብሮት የኖረ ነው።

በመጀመሪያ ክብን እንመልከት። በባላገር ጎጆ የሚሠራ ሰው በመካከል ችካል ይተክላል፤ በችካሉ ገመድ አስሮ፥ ገመዱን እንደ ተወጠረ ይዞ በመዞር የግድግዳውን መሠረት በመሬት ላይ ይጭራል። ክብ ማለት ከአንድ ነጥብ እኩል የራቁ ነጥቦች ሁሉ የሚገኙበት መሥመር ነውና፥ ሠሪው ትርጓሜውን በቃል ሳይሆን በእጁ ይፈጽመዋል። ነጥቡና የገመዱ ርዝመት ከታወቁ ከዚያ ሌላ ክብ ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ ትርጓሜው ሙሉ ነው።

የመሬት ልኬት ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ገበሬው እርሻውን በጥማድ ሲቈጥር የሚናገረው አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰውን ያህል ነው፤ ይህ የሥራ ልክ እንጂ የቅርጽ ልክ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተስፋፋው የቀላድ ሥርዓት ግን መሬትን በገመድ ለክቶ በጋሻ ከፈለ። ጋሻው እንደ መሬቱ ጠባይ ይለያይ ነበር፤ በአማካይ ግን ወደ 40 ሔክታር የሚጠጋ ነው። መሬቱም ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመደበ፤ ግብሩም በጋሻ ቍጥር ይታሰብ ነበር።

የጥያቄው ሥር እዚህ ላይ ነው። ገመድ የጎንን ርዝመት ይናገራል፤ የማዕዘንን ስፋት ግን አይናገርም። ለምሳሌ ሁለት ጎኖቹ 7፥ ሁለቱ ደግሞ 11 ቀላድ የሆኑ መሬት ይኑር እንበል። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ቢሆኑ ስፋቱ 77 ካሬ ቀላድ ይሆናል። ቅርጹ ዘምሞ አንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ቢሆን ግን፥ ጎኖቹ ሳይለወጡ ስፋቱ ወደ 67 ይወርዳል። እንግዲህ ለኪው ርዝመትንና ወርድን ብቻ አባዝቶ ቢመዘግብ፥ ባለመሬቱ በእጁ ለሌለው 10 ካሬ ቀላድ ይገብራል ማለት ነው። ወንዝና ሸንተረር ወሰን በሚሆኑበት አገር ቀጥ ያለ ማዕዘን በቀላሉ አይገኝም፤ መሬቱ ተዳፋት ሲሆንም በገጹ ላይ የተዘረጋው ገመድ ከዝርጉ ልክ ይበልጣል።

ይህ የሚሆነው ጎነ አራት በአራቱ ጎኖቹ ብቻ ስለማይወሰን ነው። አራት እንጨቶች ጫፍ ለጫፍ ታስረው ቢገፉ ይዘማሉ፤ ሦስት ቢሆኑ ግን አይነቃነቁም። ጎነ ሦስት በሦስት ጎኖቹ ፈጽሞ ይወሰናልና። ስለዚህ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን አንድ ሰያፍ ቢለካ ጎነ አራቱ ወደ ሁለት ጎነ ሦስት ይከፈላል፤ ትርጓሜውም ይሟላል። ከላይ በተነገረው ምሳሌ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ሰያፉ 13 ቀላድ ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ከራቀ ቅርጹ ዘሟል። በከተማ ባለ አራት ማዕዘን ቤት የሚሠራ ግንበኛም ትይዩ ጎኖቹን እኩል ካደረገ በኋላ ሁለቱን ሰያፎች በገመድ የሚያስተያየው ስለዚሁ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት በመሆኑ የጋሻ ባለቤትነት ቀረ። በኋላ ዘመን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ልኬቱ በመጀመሪያው ደረጃ በአብዛኛው በገመድና በግምት ነበር፤ በሁለተኛው ደረጃ ግን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍና በመሣሪያ የማዕዘኖቹ ስፍራ ይመዘገባል። የማዕዘኖቹ ስፍራና ቅደም ተከተላቸው ከታወቀ ጎኑም፥ ሰያፉም፥ ስፋቱም በአንድነት ይታወቃል።

እንግዲህ ጎጆ ሠሪው በአንድ ችካልና በአንድ ገመድ ያገኘውን ሙሉነት የመሬት ልኬት ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የትርጓሜ ጕድለት በሰሌዳ ላይ ሲሆን በቀላሉ ይታረማል፤ በመሬት ላይ ሲሆን ግን ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነው።